ባላምባራስ የተመቱት ግራ እግራቸውን ነው

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለብርሃኑ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሲነሣብህ የነበረው የትከሻ ሕመም ተወህ ወይ? አበራሽስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትንሿ ልጅህ ሙሉስ፣ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም ድዷን እያሳየች ነው የምትስቀው? የናይሮቢ ማለዳ እንደ ደብረ ብርሃን ይበርዳል ብለህኝ ስለነበር ጋቢ ልኬልሃለሁ፤ መድረሱን አስታውቀኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አልፎ አልፎ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደምታውቀው ነው፤ ኅዳር ገብቶም ግንባራችንን እየጠረግን ነው። ማሽላው ዘንድሮ ፍሬው ከብዶት አጎንብሷል፤ ወፍ የሚያባርሩት ሰዎች ጩኸት ከማለዳ ጀምሮ ከየማሳው ይሰማል።

በመጨረሻው ደብዳቤህ አንድ ነገር አጥብቀህ ጠይቀኸኝ ነበር። «ስለ ሕይወቴ የጻፍሁትን መጽሐፍ የአገሬ ሰው እንዴት እንደተቀበለው ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ። ቅር የተሰኘብኝ ከሌለ ለገና እመጣለሁ፤ ካለ ግን የሰው በዓል እንዳላደፈርስ እዚሁ እቀራለሁ» ብለህ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም። ነገሩ መጨረሻው እስኪታወቅ መጠበቅ ነበረብኝ። አሁን ታውቋል፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

መጽሐፎቹን ሾፌሩ ሽፈራው ከአዲስ አበባ አምጥቶ አስረከበኝ። ሽፋኑ ላይ ነጭ ኮፍያ አድርገህ፣ ያንን ቀጭን የብረት ዱላ ትከሻህ ላይ ጥለህ ስትስቅ ባየሁህ ጊዜ ምግብ ቤቴ ውስጥ ሾፌሮች ተቀምጠው ሳለ አለቀስሁ። ሽፈራው «እትዬ፣ ሰውየው እየሳቀ ነው እኮ፤ ምነው ቀበሩት?» ብሎ አሳቀኝ። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ የስኳርና የበርበሬ መጠቅለያ ጋዜጣ ነውና አነባበቤ የኤሊ ጉዞ ነው። ቢሆንም አንዲት ቃል ሳልዘል ጨረስሁት። ይህን የሰሙ ሁሉ ለእኛም አንብቢልን ብለው ያዙኝ። ሰው ፊት አፌን መክፈት የሚያስጨንቀኝ ሴት መሆኔን ታውቃለህ። ግን ስለ አንተ ነውና እሺ አልሁ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከምግብ ቤቴ ፊት ካለው ዳስ ሥር ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብላቸው ጀመር።

ጎልፍ የሚሉትን ጨዋታ ለማስረዳት የደከምሁትን አትጠይቀኝ። «የገና ጨዋታን ይመስላል፤ ግን ጥንጓን የሚነጥቅህ ተጋጣሚ የለም። ብቻህን ትለጋታለህ፣ ብቻህን ተከትለሃት ትሄዳለህ» ብዬ ብነግራቸው፣ ያ በልጅነትህ ቀወት ሜዳ ላይ አብሮህ ገና ይጫወት የነበረው ወርቁ «ታዲያ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» አለኝ። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል የሚለውን ሳነብ ደግሞ «እንግዲያው ጭራሽ ያልመታው፣ ቤቱ የተኛው ነዋ ጀግናው!» ብሎ ዳሱን በሳቅ አናጋው።

ጎረቤቴን ሙሚናን፣ የከብት ነጋዴውን የበድሩን ሚስት ማለቴ ነው፣ ያስጨነቃት የሜዳው ሣር ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ፣ ታጭዶ እንደሚጣል ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ላም የማይቀምሰው ሣር? ወላሂ ሐራም ነው! ብርሃኑን ጠይቂልኝ፣ የበድሩን ከብቶች ለአንድ ሳምንት ብቻ ብናስገባ ምን ይላሉ?» አለች። አደራ ብላኛለችና ይኸው ጠየቅሁህ። ስትመታ ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ዝም ይላል የሚለው ደግሞ ሽፈራውን አላስደሰተውም። «ሳይጮኹ ሳይዘፍኑ የሚያዩት ጨዋታ! ለቅሶ ቤት እንኳ ከዚያ ይደምቃል» አለ።

እነርሱ ዝም ብለው የሰሙ ግን እንዳይመስልህ። ናይሮቢ ዋንጫውን ወደወሰድህበት ቀን ስንደርስ፣ የመጨረሻዋ ጥንግ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ስታመነታ፣ ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ «ግቢ! ግቢ በይ!» እያለ ጮኸባት። ሙሚና ከጉጉቷ የተነሣ የያዘችውን ሻይ ወርቁ ጭን ላይ ደፋችው፤ እርሱም መቃጠሉን ያወቀው ጥንጓ ከገባች በኋላ ነው። ሽፈራው ሮጦ መኪናው ላይ ወጣና ጥሩንባውን አስጮኸው። መንገድ ላይ የነበረው ሰው ሠርግ መስሎት መጣ። እኔም ወንድሜ፣ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የልጅነትህን ምዕራፍ ሳነብላቸው ያቺን ገጽ አልፌያት ነበር። በገና ዕለት የለጋሃት ጥንግ የባላምባራስ አየለን ቅልጥም እንዳገኘች፣ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ሲጫወቱ መቆጣት የአገሩ ወግ ሳይሆን እርሳቸው ተቆጥተው ሰው እንደላኩብህ የጻፍህባትን። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእርሳቸውን መሬት ያርስ ስለነበር ከቤታችን አውጥቶ ለተላኩት ሰዎች እንደሰጠህ፣ ተገርፈህም በማግሥቱ ወደ አሥመራ በሚሄድ የጭነት መኪና እንደተሳፈርህ ያለባትን። እኔም አለሁባት። «እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሙሽራ ነበረች፤ አልፈርድባትም» ብለሃል። ባላምባራስን ፈርቼ ይሁን በራሴ አፍሬ እንጃ፣ ሁለቱን ቅጠል አንድ ላይ ገለጥሁና ቀጠልሁ።

ሰው ግን መች ሞኝ ነው። ቀወት ሜዳ ላይ ገና ሲጫወት የነበረው ልጅ ወዲያው አሥመራ ላይ የፈረንጆችን የጎልፍ ዱላ ተሸክሞ ሲገኝ ሙሚና «ቆይ ቆይ እትዬ ሐረግ፣ ይህ ልጅ ክንፍ አወጣ እንዴ? ምን ሆኖ ሄደ?» አለች። ወርቁ ነገሩን ያውቃልና አቀረቀረ። እኔ ንባቤን አፈጠንሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያ የተዘለለ ገጽ የከተማው ወሬ ሆኖ ሰነበተና ባላምባራስ ዘንድ ደረሰ። ሐረገወይን የምትደብቀው፣ በእርስዎ ላይ የተጻፈ ነገር አለ ብለው ነገሯቸው።

በሚቀጥለው እሑድ በበቅሎ መጡ። አርጅተዋል፤ ከበቅሎው ያወረዷቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ዓይናቸው ግን ያው የድሮው ነው። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው «የደበቅሽውን አንብቢልኝ» አሉ። ወርቁ በጆሮዬ «ማንበብ አይችሉም፤ ሌላ ገጽ አንብቢላቸውና ይሂዱ» አለኝ። ልቤም እሺ ሊል ምንም አልቀረው። ግን ወንድሜ፣ የት ቆሜ እንደነበር ታውቃለህ? መጽሐፉን ላመጣ ገብቼ ስወጣ ስለደረሱብኝ፣ ከቤቴ በር ላይ ነበር። ያ ቀን ትዝ አለኝ። መጽሐፉን ገለጥሁና ከላይ እስከ ታች፣ የእርሳቸውንም የእኔንም፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር አነበብሁ። ድምፄ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር ብላ ሙሚና ነገረችኝ።

ስጨርስ የጎልፍ ተመልካች ዝምታ እንዴት ያለ እንደሆነ ገባኝ። ባላምባራስ ፊታቸውን አጨፍግገው «የእግሬን ነገር ድገሚው» አሉ። ደገምሁት። «ቀኝ ነው የሚለው?» አሉኝ። «አዎን፣ ቀኝ ቅልጥማቸውን ይላል» አልሁ። ከዘራቸውን ለወርቁ አቀበሉና ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን ግራ እግር እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ጠባሳው እንደ ባቄላ ፍሬ ያብረቀርቃል። «ይኸው! ግራ ነው! ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ሳነክስ ኖሬ መጽሐፍ ቀኝ ይለኛል? ልጁ ድሮም መምታት እንጂ ማስተዋል አያውቅበትም!» ብለው ጮኹ። እኛም ፈርተን የያዝነው ሳቅ አመለጠን። ሙሚና እንባዋን እየጠረገች «ወላሂ ባላምባራስ፣ በገና ተቆጥቶ መጽሐፍ የገባ ጌታ እርስዎ ብቻ ነዎት!» አለቻቸው። ይገርፏታል ስንል እርሳቸውም ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

ከዚያ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ሰው ወደ ጨዋታው ሲመለስ እኔን ጠጋ አድርገው «ጥንጓስ ይህን ያህል አላሳመመችኝም፤ ያመመኝ የሜዳው ሳቅ ነው» አሉኝ። ዓይናቸውን ከብርጭቋቸው ሳያነሡ «ልጅ ማስገረፌ ግን ነውር ነበር። ይህንንም ጻፊለት» አሉ። ሊሄዱ በቅሎው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ለገና ይምጣና ጠባሳውን በዓይኑ ይይ። እኔ መሮጥ ባልችልም ከሜዳው ዳር እቆማለሁ። ካሻው ቀኙንም ይምታኝና መጽሐፉ እውነት ይሁን፤ አልቆጣም።»

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ቅር የተሰኘብህ የለም፤ ከግራ እግር በቀር። ወርቁ ከወይራ ቆልማማ ዱላ እየጠረበልህ ነው፤ የብረቱን እዚያው ተወው ብሏል። በእርሱ ቡድን ነህ፤ ባላምባራስ ተጋጣሚዎቻችሁን የላይኞቹን ነው የሚደግፉት። ሙሚና ለበድሩ ከብቶች የዚያን ሣር ዘር በኪስህ ይዘህላት እንድትመጣ ብላለች። ሽፈራው ከአዲስ አበባ በራሱ መኪና ሊያመጣህ ቃል ገብቷል፤ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ጥሩንባውን ላይለቅ ነው አሉ።

አበራሽን በእኔ ስም አቅፈህ ሳምልኝ። ሙሉን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ታላቁ ልጅህ ፀጋዬ አክስቱን በፎቶ ብቻ እንደሚያውቃት ጽፈህልኝ ነበር፤ ምን እንደምትመስል መጥቶ ይይ በልልኝ። ሙሚናና በድሩ፣ ወርቁና ሽፈራው ሁላቸውም እጅ ይነሡሃል። ባላምባራስም ሰላም በይልኝ ብለዋል።

አልፈርድባትም ላልኸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብቻ ዘንድሮ በር ላይ ቆሜ አልጠብቅህም። የሽፈራውን ጥሩንባ የሰማሁ ዕለት አስፋልቱ ድረስ ወጥቼ፣ ከሰዉ ሁሉ በፊት፣ ስምህን ጮክ ብዬ የምጠራው እኔ ነኝ።

የምትወድህ እህትህ
ሐረገወይን

ሸዋ ሮቢት፣ በኅዳር ጽዮን ማግሥት
ኅዳር 22 ቀን 1962 ዓ.ም.