ጠዋት ጠዋት ተቀቢ ያልኩሽ

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ያደረሰልሽ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነው። ከማንበብሽ በፊት ከመስኮቱ ሥር ተነሺልኝ። የስፌት መኪናውን እዚያው ተዪው፤ ወደ ጓዳ ግቢና መብራት ሳታበዢ አንብቢ። ስልክሽን ሰባት ጊዜ ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። ፈርቻለሁ።

ያ ለቁስልሽ የሰጠሁሽ የቅባት ጠርሙስ የመሥሪያ ቤት ስጦታ አልነበረም። ከላብራቶሪው ሰርቄ ነው ያመጣሁልሽ። ጉንጭሽ ላይ ያለው ቁስል ዓመት ሙሉ አልድን ብሎሽ፣ በሻርፕ ሸፍነሽ ደንበኞችሽን ስትለኪ ሳይ አንጀቴን በላሽው።

ውስጡ ያለውን ልንገርሽ። ፉለሪን የሚባል፣ ስድሳ የካርቦን አቶሞች ተያይዘው የሠሩት ባዶ ኳስ አለ። ብቻውን ውኃ ውስጥ አይሟሟም። እኛ አሚኖ አሲድ እንቀጥልበታለን፤ ያንን ደግሞ ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋር ሰክተን ፔፕታይድ የሚባል ሰንሰለት እናደርገዋለን። ያን ጊዜ ይሟሟል፣ ሴል ውስጥም ይገባል፣ ቁስል የሚያባብሰውን ክፉ ኦክስጅን እየለቀመ ያጠፋል። ሁለት ዓመት ሞክረነው አንድም ሴል አልገደለም። ደረቴን ነፍቼ ያመጣሁልሽም ለዚህ ነበር።

አለቃችንን "ፎይሉ" እያልን እንደምናማው ነግሬሽ ስቀሻል። በብርሃን ይበላሻል እያለ በዚያ በሚያብረቀርቅ የፎይል ወረቀት ያልጠቀለለው ነገር የለም፤ ብልቃጡን፣ የሴሎቹን ሳህን፣ የማቀዝቀዣውን መስታወት ሳይቀር። እያማሁትም ቢሆን ከኔ የተሻለ የሚጠቀልል አልነበረም።

ትናንት ግን መድኃኒቱ የተጨመረበትን አንድ የሴል ሳህን ሳልጠቀልል መስኮት ሥር ረስቼ ሄድኩ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ሳየው ሴሎቹ በሙሉ አልቀዋል። ለአለቃዬ ወስጄ አሳየሁት።

"ብርሃን አበላሽቶት ነው። ጣዪውና ሌላ አዘጋጂ፤ ሁለተኛ ደግሞ ፎይል እንዳትረሺ!" አለኝ።

"ዶክተር፣ መድኃኒቱ ነው የተበላሸው ወይስ እሱ ነው የገደላቸው?"

"አሁን ይሄ ምን ልዩነት አለው?"

ልዩነቱ አንቺ ነሽ፣ እታለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሞከርነው ጨለማ ውስጥ ብቻ ነው። ያ ኳስ ጨለማ ውስጥ ክፉውን ኦክስጅን ያጠፋል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ራሱ ያመርተዋል። ይህን ተማሪ ሳለሁ ተፈትኜበት አልፌያለሁ። መጠቅለሉን ስለምደው ለምን እንደምጠቀልል ማሰብ ተውኩ።

እኔ ደግሞ ምን አልኩሽ? "ጠዋት ጠዋት ተቀቢና ሥራሽን ቀጥዪ።" ሥራሽ ያለው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ነው። ከትናንት በስቲያ፣ "ትንሽ ያቃጥላል፣ እየሠራልኝ ነው መሰለኝ፤ ዕድሜ ይስጥሽ" ብለሽ ላክሽልኝ። እኔም፣ "አይዞሽ፣ በርቺ" ብዬ መለስኩልሽ።

ሹፌሩ ነዳጅ ሞልቶ እስኪመጣ የተረፈኝን ጠብታ ክንዴ ላይ ቀብቼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ደብዳቤውን ስጀምር ቀልቶ ነበር፤ አሁን ውኃ ቋጥሯል። የአንቺ ከዓይንሽ ሥር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ እታለም፤ ያለ ዓይንሽ ክር መርፌ ውስጥ አይገባም።

ፊትሽን በብዙ ውኃ ቀስ ብለሽ ታጠቢ፤ እንዳታሺው። ጠርሙሱን አትጣዪው፣ ያዢው። ሻርፕሽን ደራርበሽ ከሹፌሩ ጋር አሁኑኑ ወደ ዓይን ሐኪም ሂጂ፤ እሱ ሳያደርስሽ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ። ሐኪሙ ምን እንደተቀባሽ በዝርዝር ማወቅ ይፈልጋል። ዝርዝሩ ያለው አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሱም እንዲሰጠኝ ስርቆቴን መናገር አለብኝ። ቢያባርረኝም ቢያሳስረኝም ወረቀቱን ሳይልክልሽ ከክፍሉ አልወጣም።

መኪናው ጥሩንባ እየነፋ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ልጆች ሳለን የሰበርኩትን ሁሉ፣ "እኔ ነኝ" እያልሽ ስንት ጊዜ ተገርፈሽልኛል። ዛሬ ሐኪሙ፣ "ይህን ማን ሰጠሽ?" ሲልሽ እንዳትሸፍኚልኝ። እህቴ ናት በዪው፤ ስሜንም ንገሪው።

ሳትጠይቂ ያመንሽኝ፣
ታናሽሽ