ስለ ጠፋው አረንጓዴ ጋውን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ዐብዲከሪም
ጅግጅጋ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ትንፋሽዎ ያልታወከ፣ የቢሮዎ ቧንቧም ውሃ የማይቋረጥበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ባለፈው ሳምንት በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ያስለጠፉትን ሁለት አንቀጽ ካነበብኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል አንድ አረንጓዴ ጋውን መሰረቁን ይገልጻል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ክፍል ስድስት ሕፃናትን ያሳመመውን ጉንፋን ያመጡት ንጽሕና የማይጠብቁ የገጠር እናቶች መሆናቸውን ያሳውቃል። ስለ ሁለቱም በቂ መረጃ ስላለኝ መተባበር ግዴታዬ ሆኖ ታየኝ።

ምናልባት ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ በ2013 ዓ.ም. ከኮሮና በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ እኔ የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጥተው፣ እጅጌዎን ሰብስበው፣ ለስልሳ ልጆች የእጅ አስተጣጠብን ከጣት ጣት ያሳዩት እርስዎ ነበሩ። ልጄን ሶልያናን ከቀኗ ሰባት ሳምንት ቀድማ ስወልዳት ዘመዶቼ ሐረር እንድሄድ ለምነውኝ ነበር፤ እኔ ግን እኚህ ሰው ያሉበት ቤት ይበቃኛል ብዬ ተከራከርኳቸው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት ያን ጊዜ ለሌላ ሰው የተተረተ አድርጌ ነበር የማየው።

ምስጋናዬና ቅሬታዬ እንደተደባለቀ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ማንኛዋም እናት ጋውን ሳትለብስ ወደ ሕፃናቱ እንዳትገባ ስለደነገጉ አመሰግናለሁ። ደንቡ በቀይ ቀለም በትልቁ ተጽፏል፤ ጋውኑ ግን አንድ ነው። ዘጠኝ እናቶች በየሦስት ሰዓቱ ለማጥባት ስንገባ አንዷ ታወልቃለች፣ ቀጣይዋ ትለብሳለች። እኔ በነበርኩባቸው ሠላሳ አንድ ቀናት ሲታጠብ አላየሁም።

2ኛ. ከበሩ አጠገብ እጅ ሲታጠቡ የሚያሳይ ፎቶግራፍዎ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ያለው ቧንቧ ደረቅ ነው። አንዲት ነርስ ከቤቷ በጄሪካን ውሃ ብታመጣ የክፍሉን ገጽታ ያበላሻል ተብሎ ጄሪካኑ ዕቃ ቤት እንዲገባ ታዘዘ። ስሟን የማልጠቅሰው ለምስጋና እንደማትጠራ ስለማውቅ ነው።

3ኛ. በአሥራ አንደኛው ቀን ጉንፋን ያዘኝ። ዛሬ ከምገባ የጡቴን ወተት አልቤ ልስጣችሁ ብዬ ሳመለክት፣ ከቢሮዎ የመጣው ምላሽ ጋውኑ ስላለ አትስጋ፣ ደንቡን አክብራ ትግባ የሚል ነበር። አመንኩ። ለበስኩት፣ ሳል ሲመጣብኝ አፌን በእጅጌው ሸፈንኩበት፣ ከዚያም አውልቄ ሙቀቱ ገና ሳይለቀው ለማርያን በእጄ አቀበልኳት። ማርያን ድሬዳዋ አልጋ ሞልቷል ተብላ ከአፍደም ወደ እኛ የተላከች፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች የሃያ ዓመት ሴት ናት። ተቀብላኝ፣ መሀድሰኒድ ብላ አመሰገነችኝ።

ልጇ ቢሌ ከአራት ቀን በኋላ መጥባት አቆመ። ሐኪሙ ቫይረስ ነው፣ የሚገድለው መድኃኒት የለንም፣ መከላከያው ንጹሕ እጅና ከታመመ ሰው መራቅ ነበር አለን። የእኔዋ ልጅም ታማ በኦክስጂን ስትታገል ሰነበተችና ዳነች። ቢሌ ሞተ።

4ኛ. ማስታወቂያዎን አንድ ሰው ለማርያን በስልክ በሶማሊኛ ተርጉሞላታል። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ተቀምጣለች፤ የእህቷን ሕፃን እንኳ አልታቀፍም ማለቷን ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ፣ የደረቀውን ቧንቧ ይቅር እል ይሆናል፣ ይህን ግን አልችልም። ስለዚህ በስሜና በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ሳሉ የእኔ ነበር፣ ጋውኑ የእርስዎ ነበር፣ ማርያን ያጠፋችው ነገር ቢኖር እኛን ማመኗ ነው። ባልደረባዬ መምህር ሻርማርኬ ይህን ቃል በቃል በሶማሊኛ አንብቦ በድምፅ ሊልክላት ቃል ገብቶልኛል። ማስታወቂያዎን አንሥተው በምትኩ ስሟን የሚያጠራ ቢለጥፉ ደግሞ ውለታዎን አልረሳም።

እጅ መታጠብን ከእርስዎ የተማረች፣ ደንብዎን እስከ መጨረሻው ያከበረች፣ ከእንግዲህም የእርስዎን ፎቶግራፍ ባየች ቁጥር ቧንቧውን ከፍታ የምትሞክር፣

መምህርት ቤዛ ተሻለ

ማስታወሻ፦ ሌባዋ እኔ ነኝ። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ጋውኑን በቦርሳዬ ይዤው ወጣሁ፤ መጥፋቱን ለማወቅ አራት ሳምንት ፈጅቶብዎታል። በሦስት ውሃ አጥቤ አስጥቼዋለሁ። እንደሰማሁት ከዚያ ወዲህ እናቶቹ ከዕቃ ቤት በወጣው ጄሪካን እጃቸውን እየታጠቡ ይገባሉ፣ ጉንፋን የያዛትም ወተቷን አልባ በር ላይ ትሰጣለች፤ በእነዚህ አምስት ሳምንታት አንድም ሕፃን አልታመመም። እኔን ለመክሰስ አድራሻዬ ትምህርት ቤቱ ነው። ጋውኑን ግን እባክዎ አይፈልጉት።