ከስልኩ ውስጥ ደህንነቴን የምትጠይቀኝ ሴት

ለምወድሽ ልጄ ኢክላስ፦ የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ይድረስሽ፤ በሆድሽ ያለውንም እሱ ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ አገር ቤት፣ አማን፣ ዝናቡ ገና አላቆመም። የጓሮው ቡና ግን ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ይዟል።

ላርስሽ ስመጣ ከአማትሽ ጋር ዝም ተባብለን እንዳንቀመጥ ብዬ፣ የላክሽልኝን የታይላንድ ቋንቋ ትምህርት በየቀኑ በስልኬ እሰማለሁ። እስከ አስር መቁጠር ችያለሁ። አምስትን «ሃ» ማለታቸው ያስቀኛል። የምታስተምረው ሴት «ሳባይ ዲ ማይ?» ትላለች፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው። እኔም ጮክ ብዬ «ሳባይ ዲ ካ» እላታለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ጎረቤቴ ዘይቱ ሻርፗን እንኳ ሳታስተካክል እየሮጠች መጣች።

«እንግዳ መጣልሽ እንዴ? ድምፅ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነው» አለችኝ።

ስልኩን አሳየኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። አጠገቤ ተቀመጠችና «የኢክላስ አባት ከሞቱ ወዲህ ከዚህ ቤት የጨዋታ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም» አለች።

ልጄ፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለዚያች ሴት በየቀኑ የምመልስላት ሌላ ደህና ነሽ ወይ የሚለኝ ስለሌለ እንደሆነ ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር። አሁን ዘይቱ ከዙህር ሶላት በኋላ እየመጣች አብራኝ ትቆጥራለች።

ከባድ ዕቃ አታንሺ፤ ምግብሽንም አትዝለዪ። አላህ በሰላም ይገላግልሽ፣ ልጅሽን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ አርባ ቀንሽ ሲሞላ «እማ፣ ቤትሽ ይናፍቅሻል» ብለሽ ቶሎ አትመልሺኝ።

እናትሽ ዐፊፋ