በሣር የተጻፈ ስድብ

ግንቦት 20

ከባድ ዜና ነው፣ ልብ ድካም ያለበት ይቀመጥ። የግጦሽ መስካችን ታመመ ተብሎ ዛሬ ደሙ ለምርመራ ተወሰደ። ደሙ ያልኩት አፈሩን ነው።

የአፈር መርማሪው... እኔ ዶክተር አፈር ነው የምለው... ለአጎቴ ከረጢት ሰጠው። «እየተዘዋወሩ ከብዙ ቦታ ይቆፍሩና ይቀላቅሉ። ከብቶቹ የሚተኙበት ዛፍ ሥር ግን እንዳይነኩ።» አጎቴስ? ቀጥ ብሎ ዛፉ ሥር!

«ሰውዬ፣ ያለህን አልሰማህም?» አለች አክስቴ።

«ሐኪም ዘንድ እንኳ ታጥበሽ ነው የምትሄጂው! ምርጡን ነው የማሳየው።»

እኔ ከረጢቱን ይዤ ሳቄን ዋጥኩ። ምን አገባኝ?

ሰኔ 8

ውጤት መጣ። አፈሩ ጠግቧል፣ ማዳበሪያ ቢበተንበትም ሣሩ ለውጥ አያሳይም ይላል። አጎቴ በአጥሩ ላይ ለጎረቤታችን ሲያውጅ ዋለ። «የኔ መሬት ጥጋበኛ ነው! ያንተስ?» ጆሮዬ ደነቆረ።

ሰኔ 9

መጋዘን ውስጥ ካምና የተረፈ ማዳበሪያ አለ። አጎቴ ገበያ ሄዷል። ከቤታችን ፊት ለፊት በመስኩ ተዳፋት ላይ እየበተንኩ በትልልቁ «ጉረኛ» ብዬ ጻፍኩ። «ኛ» አስቸገረችኝ፣ ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ያቆምኩት በከንቱ አይደለም። ለውጥ አያሳይም ተብሏል... ማን ያያል?

ሰኔ 28

ሣሩ ቢጫ፣ ቁመቱ ከጣቴ አይበልጥም። አጎቴ «መስኩ ላሟንና ጊደሯን አንድ ላይ አይችልም። ጊደሯ ትሸጣለች» አለ። ጊደሯ! እናቷ ስትሞትባት በጡጦ ያሳደግኳት! ዛሬ ቀልድ የለም።

ሐምሌ 4

ወይ ጉዴ! «ጉረኛ» በቀለ! ያውም ጥቁር አረንጓዴ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ጮኸ። «ስማ! መሬትህ ማን እንደሆንክ ነገረን እኮ!»

አጎቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ፊደል በፊደል አነበበ። ዱላ አነሳ። እኔ ጊደሯ ጀርባ። አክስቴ ሆዷን ይዛ ስቃ ስቃ፣ «እስኪ ልጅቷን ተዋት... ይልቅ ሣሩ እዚያ ላይ ብቻ ለምን ጠቆረ?» አለችው። ዱላው ወረደ። ይቺን ሴትዮ እግሯን ልጠብላት?

ሐምሌ 5

ዶክተር አፈር መጥቶ «ረ» ላይ ተንበረከከ። «ይሄ መሬት እኮ ርቦታል! አፈሩን ከየት ነበር ያነሱት?»

አጎቴ ጫማውን አየ። «ከ... ከዛፉ ሥር።»

«የመረመርነው እበት ነዋ!»

በሳቅ ፈነዳሁ። «አንቺ ጸሐፊ፣ ዝም በይ!» አለኝ አጎቴ። ከዚያ አዲሱን ከረጢት ይዞ መስኩን ሁሉ እንደ ሰካራም እየተጠማዘዘ ቆፈረ።

ሐምሌ 19

ዳግመኛው ውጤት፦ ፎስፈረስ የለም ማለት ይቻላል። ማዳበሪያ ተበተነ። አጎቴ ስለ ጊደሯ ትንፍሽ አይልም... እኔም አልጠይቅም። ፈራሁ መሰለኝ።

ነሐሴ 14

መስኩ በሙሉ አረንጓዴ። አጎቴ ጠዋት ሣሩን በእጁ ዳበሰና «ትቆይ» አለ። አንዲት ቃል። ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ... ትንኝ ገብታበት ነው።

ወዲያው ለጎረቤታችን ማስተማር ጀመረ። «አፈር ከዛፍ ሥር የሚያነሳ ሞኝ ነው!» ወይ አጎቴ!

እውነቱን ለመናገር ያን ያህል የሚያስለቅስ ነገር አልነበረም። አንድ ከረጢት አፈር ካልሆነ ቦታ ተነሳ፣ በቃ። ጊደሯ «ጉ»ን ግጣ ጨርሳለች፣ አሁን «ረ» ላይ ናት።