ሰማይ ሲለካ ትዝ ያለኝ ስም

ይድረስ እንደ እናት አዝለሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም ቦሰና፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ የክረምቱ ቁርጥማት ለቀቅ አደረገሽ? ልጅሽ ትሁኔ ትምህርቷን በርትታ ያዘች? ጣሪያውስ ዘንድሮ አላፈሰሰባችሁም? እኔ፣ ሩትና ልጃችን አምላከ እስራኤል ይመስገን ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህ ደብዳቤ ውሸት የምቀንስበት እንጂ የምጨምርበት አይደለም።

ባለፈው ዓርብ በስልክ፣ ወደ እስራኤል መግቢያ ፈቃድ መጠበቅ መሮኛል፣ ከኅዳር በፊት ዕቃዬን ለጎረቤት አከፋፍዬ ወደ አርማጭሆ እመለሳለሁ አልሽኝ። ቀጥለሽም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዘር ስቆጥር አፌ ተሳስቶ ነው መዝገቤ የተበላሸው አልሽ። እኔ ደህና ሁኚ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ሩት ያቀረበችልኝን እራት ሳልነካው ቀረሁ።

እሑድ ዕለት፣ አንቺ ዛሬም አገኘሽ ብለሽ የምትጠሪያት የልጄ የኖዓ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠራ። ለካ አስተማሪዋ ሰማይን በእግራችን ልታስለካን ኖሯል። ፀሐይን ከሰው ቁመት በላይ አድርገው በር ላይ ሥለዋታል። ከዚያ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ተቆጠረና ኖዓ አንዲት ዶቃ ይዛ ቆመች፤ ምድር ያቺ ናት። ለእኔ የምስር ፍሬ ሰጡኝ፤ ጨረቃ ናት ተባልኩና ከዶቃዋ አንድ ክንድ ከስንዝር ርቄ ተገተርኩ። ታዲያ ሰው እስከ የት ደርሷል ብዬ ብጠይቅ፣ አስተማሪዋ እየሳቀች ወደ እጄ አመለከተች። በምስሯ ጓሮ ዞሮ ከመመለስ በቀር አልፎ የሄደ የሰው ልጅ የለም፤ እሷም ከተረገጠች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል። ያ ሁሉ ፉከራ ለክንድ ከስንዝር ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ።

የሰው ሥራ ግን ከራሱ ከሰው ይልቅ ርቆ ሄዷል። ማንንም ያልጫነች አንዲት መንኮራኩር ባለፈው ሐምሌ ፕሉቶ በምትባል ሩቅ ዓለም አጠገብ አልፋ ፎቶ ልካለች። በእኛ ልኬት ፕሉቶ የምትውለው ቴል ሞንድ ነው፣ እኔ ብርቱካን የማሽግበት መንደር። ከዚያም የባሰች አለች፤ አንቺ እኔን አዝለሽ በምትውይበት በ1969 ዓ.ም. ተነሥታ አሁን ቴል አቪቭን አልፋለች። ድምጿ እዚህ ለመድረስ ዐሥራ ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል አሉ፤ የላኳት ሰዎችም ጆሯቸውን ጥለው ይጠብቋታል።

የፕሉቶዋ መቼ ተነሣች ብዬ ጠየቅሁና በጣቴ ቆጥሬ ወደ እኛ አቆጣጠር ብመልሰው፣ ጥር 1998 ሆኖ ተገኘ። እታለም፣ እኔና አንቺ ከአርማጭሆ ወጥተን ጎንደር የገባንበት ወር! እኔ በሁለተኛው ዓመት ወደ እስራኤል ወጣሁ፤ መንኮራኩሯም ካሰበችው ደረሰች፤ አንቺ ግን ዛሬም በዚያው ኪራይ ቤት ነሽ። በዚያች ዶቃ ላይ እኮ በጎንደርና በእኛዋ በነታንያ መካከል የምስር ፍሬ አይገባም።

ከዚያ አስተማሪዋ፣ መንኮራኩሯ ስትነሣ የጸጉር ስንጥቅ ታህል ብትስት ኖሮ ቴል ሞንድን ጨርሳ ታጣው ነበር፣ ስለዚህ መንገድ ላይ እያለች ከምድር ሆነው አቃኗት አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም።

ትሁኔ፣ ከዚህ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። እታለም፣ አፍሽ አልተሳሳተም። የሳትኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ መዝጋቢዎቹ እኔን በእናታችን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቁጠር ሲሉኝ፣ እናቴ ፈንታነሽ፣ አባቷ ዘመዱ ብዬ ገብረ መድኅን ላይ ስደርስ ፈራሁ። ከቤተ እስራኤል ወጥቶ ክርስትና ሲነሣ በወጣለት ስም የቀረ ቅድመ አያት እንዳለን ካወቁ ይመልሱኛል ብዬ እሱን ዘልዬ ወደ አባቱ አለፍሁ። አንቺ ደግሞ እናታችን እንዳስጠናችን አንድም ሳታስቀሪ ቆጠርሽ። የሁለታችን ቃል አልገጠመምና እህትና ወንድም መሆናችን አጠራጠረና መዝገብሽ ታገደ። ይህን ካወቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ከነልጄ እንዳይመልሱኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። እነዚያ ከመንኮራኩራቸው ጋር ከቴል አቪቭ ማዶ ይሰማማሉ፤ እኔ በየሳምንቱ እያወራሁሽ አንድ ስም መናገር አቃተኝ። አፍሬአለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ትናንት ሰኞ ከሥራ ቀርቼ መዝገባችንን ወደያዘው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ለጸሐፊዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ የዘለልኩትን ስም በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ተቆጥታ የምታስወጣኝ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን ውኃ ቀዳችልኝ። መዝገብሽ እንደገና ይታያል አለች፤ ይሳካል አላለችም፣ እኔም አልልሽም። የእኔስ ነገር ብላት አላውቅም አለችኝ። የመጣው ይምጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው አዳሩ በዛ እንጂ።

በስልክ ብነግርሽ ራስሽን ትተሽ እኔን ማጽናናት ትጀምሪያለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። ነገ ወደ ጎንደር የሚበር የሥራ ባልደረባዬ ያደርስልሻል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ዕቃሽን አታከፋፍዪ። ስምሽ ሲጠራ ካጡሽ መዝገቡ ይዘጋል። ደግመው ከጠየቁሽም እንደ ድሮው ቁጠሪ፣ ማንንም አትቀንሺ። ተቀይመሽ ስልኬን ባታነሺ አልፈርድብሽም፤ ብቻ ቆዪ።

ሩት ጉልበትሽን ትስማለች። በጨርቅ የተቋጠረችው ዶቃ ከኖዓ ናት፤ እስክትመጪ አክስቴ ምድርን ትያዝልኝ ብላለች። ትሁኔን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ወደ አርማጭሆ የሚወርድ ሰው ካገኘሽ ደግሞ፣ በገብረ መድኅን መቃብር ላይ፣ እዚህ ለሙታን መታሰቢያ እንደሚደረገው፣ አንዲት ድንጋይ ያኑርልኝ፤ የልጅ ልጅህ ልጅ ሙላት ስምህን ጠርቷል ይበለው።

ወንድምሽ ሙላት
ነታንያ፣ ነቬ ኢታማር
ጥቅምት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.