አንዴ ብቻ ይጫኑ

ሰኞ፣ የካቲት 9
የአረጋውያን ማኅበራችን ድረ ገጽ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ብቻውን የሚኖር ሰው በስሙ አጠገብ ያለውን ቀይ ቁልፍ ሲጫን ፌርፋክስ ሰፈር ያለው ቢሯችን ስልክ ይጮኻል። ጄኩዌሪ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሃንድለር አሰርኩ፤ ቁልፉ ሲነካ «አቤት» የሚል ማለት ነው። በራሴ ስም ሞከርኩት። ሠራ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18
ጋሼ ተክለብርሃን ተመዘገቡ። ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ፤ ኢንግልዉድ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቁልፉ ስልካቸው ላይ ታየ። ሊሞክሩት ሲሉ ከለከልኳቸው።
«ለችግር ጊዜ ነው። ያኔም አንዴ ብቻ ይጫኑ፤ ሁለቴ ከነኩት ሁለት ጥሪ ይመጣል።»
«ሠላሳ ዓመት ክላክስ ሳደርግ ኖሬ አሁን አንዴ ብቻ?» ሳቁ። «ኦኬ ራኬብዬ፣ አንዴ።»

እሑድ፣ የካቲት 29
ጋሼ ተክለብርሃን ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ተገኙ። የወደቁት ዓርብ ጠዋት ነው… ሆስፒታል ሄጄ አየኋቸው።
«አንዴ ነው የተጫንኩት፤ እንዳልሽኝ።»
«ለምን ወደ 911 አልደወሉም?» አልኳቸው።
«ትመጣላችሁ ብዬ ጠበቅኩ… ከዚያ ባትሪው አለቀ።»

ሰኞ፣ የካቲት 30
አገኘሁት። ሃንድለሩ የሚታሰረው ገጹ ሲከፈት እዚያ ላሉት ቁልፎች ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስሞች ገጹ ላይ ራሴ ጽፌያለሁ፤ የእርሳቸው ግን ከመዝገብ ተጠርቶ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። መልኩ እንደ ሌሎቹ ቀይ ነው፤ አቤት የሚለው ግን የለም።
መፍትሔው? ሃንድለሩን በየቁልፉ ሳይሆን ቁልፎቹን በያዘው ዝርዝር ላይ ማሰር። በኮድ ቋንቋ ዝርዝሩ ወላጅ፣ ቁልፉ ልጅ ነው። ልጁ ሲነካ ጥሪው ወደ ወላጁ ይወጣል፤ ወላጁ ገና ላልመጣው ልጅ እንኳ አቤት ይላል። አንድ መስመር ነው። እንዲሞክሩት ብፈቅድ ኖሮ…

ሐሙስ፣ መጋቢት 3
አረፉ።
ሊቀ መንበራችን እትዬ ወሰንየለሽ ቢሮ ጠበቁኝ። «ልጃቸው ለተማርያም ነገ ትደውላለች። ባትሪው አለቀ በያት። ሶ፣ ውሸትም አይደል።»
«እውነቱስ?»
«ማኅበሩ በክስ ቢዘጋ የቀሩትን ማን ያያቸዋል? አንቺ?»
ባትሪው በእርግጥም አልቋል። ግን ያለቀው ካልመጣን በኋላ ነው…

ዓርብ፣ መጋቢት 4
ጠዋት ከገጹ ላይ «አንዴ ብቻ ይጫኑ» የሚለውን አጠፋሁ።
ስልኩ ጮኸ። እትዬ ወሰንየለሽ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ አንስቼ «ራኬብ ነኝ» አልኩ።
«አባቴ ቁልፉን ተጭኖት ነበር?» አለች ለተማርያም።
«አዎ። አንዴ። ቁልፉ አልሠራም። የሠራሁት እኔ ነኝ። አንዴ ብቻ ይጫኑ ያልኳቸውም እኔ ነኝ።»
እትዬ ወሰንየለሽ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።
ለተማርያም ስልኩን አልዘጋችም፤ እኔም አልዘጋሁም።
«ራኬብ» አለችኝ።
«አቤት።»