ሁለት የመዳብ ክር

ግንቦት 3፣ ጠዋት 2 ሰ.

ዛሬም መኪናው አስነጠሰ። ኮፈኑን ከፍቼ ጆሮዬን ደገንኩ። ሲሞቅ ይብስበታል፤ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር በኩል ወደ ኋላ ይተኩሳል። ትናንት ልጄ ይመር ጭነት ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ የሞተሩ ውሃ ፈልቶበት ተመለሰ። ወደ ከላላ ከተማ ገበያ ሲመላለስበት ግን ከማስነጠስ በቀር ምንም አይል። ደጋ ላይ ደህና፣ ቆላ ላይ በሽተኛ። ይህን ያዝልኝ፣ አንተ ደብተር።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታሁ። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ የተቆላ ገብስ ይመስላል። እነዚህ ነጭ ናቸው። ፀሐይ ላይ የከረመ አጥንት። አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል። ተርቦ እየነደደ ነው።

በዚህ መኪና የይመር ሚስት የሺ ለወሊድ ትሄዳለች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ እናቷ ያሉት ከዓባይ ማዶ ነው። ሚኒባሱ ቤንዚን አጥቶ ከቆመ ሰንብቷል። ያለን ይህ ፒክአፕ ነው። ደስ አላለኝም።

ግንቦት 4፣ ከሰዓት

ቀኑን ሙሉ ሾልኮ የሚገባ አየር ስፈልግ ዋልኩ። ሞተሩ እየሠራ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀባሁ። ክፍተት ቢኖር ሳሙናውን ይስበዋል፣ ድምፁም ይለወጣል። አልተለወጠም። አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ አገኘሁ። በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠፍሬ አሰርኩት። ያው ነው።

ጎረቤቴ ሼህ ሰይድ ከሱቃቸው ብቅ ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። መኪናህን ጉንፋን ይዞታል፣ ዳማከሴ ጨምቀህ አጠጣው አሉኝ። የእሳቸው ፒክአፕ፣ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት፣ ጎማው ወልቆ ከሱቁ ጀርባ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች። በመኪና የሚቀልድ መጨረሻው ይኸው።

ግንቦት 5፣ ረፋድ

ካርቡራተሩን ፈታሁ። ቤንዚን የሚያልፍባት የነሐስ ብሎን አለች፤ መሃሏ በመርፌ የተወጋ የሚያህል ቀዳዳ። እዚህ አገር ሾፌር ሁሉ በዚያ ቀዳዳ አንድ የመዳብ ክር ያስገባል። የደጋ አየር ስስ ነው፤ ክር ከሌለ ቤንዚኑ ይተርፍና ጥቁር ያጨሳል። አንዱን ክር ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሁን ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ።

ይመርን ጠራሁት። አልካደም። ቤንዚን በልመና በሚገኝበት ጊዜ አንድ ክር ከቆጠበ ሁለት የበለጠ ይቆጥባል ብሎ ነው። አስረዳሁት። ወደ ዓባይ በወረድክ ቁጥር አየሩ ይወፍራል። የወፈረ አየር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል። አንተ ጉሮሮውን አንቀህ ይዘኸው ወረድክ። ለዚያ መንገድ አንዱም ክር ይወጣል እንጂ አይጨመርም።

«አብሽር አባባ፣ ይኸው ተገኘ አይደል» አለኝ።

አብሽር። ይህን ቃል በየለቅሶው ቤት ሰምቼዋለሁ።

ግንቦት 6፣ ከሰዓት

ሁለቱንም ክር አውጥቼ ገጠምኩ። ቁልቁለቱን ጥቂት ወርደን ተመለስን። ማስነጠሱ ጠፋ። ይመር እያፏጨ ነዳ።

እኔ ግን ሰማሁ። በጭስ ማውጫው አንድ የተቆራረጠ ትንፋሽ። ወረቀት ያዝኩበት። መግፋት ብቻ ሲገባው እየቆየ ወደ ውስጥ ይስባል። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ቀዳዳዎቹን ተራ በተራ በአውራ ጣቴ ደፈንኩ፣ ይመር ሞተሩን አዞረ። ሌሎቹ ጣቴን አስፈንጥረው ጣሉት። ሦስተኛው እንደሚያጣጥር ሰው እፍ አለ።

የሦስተኛው ጭስ መዝጊያ፣ ቫልቩ፣ በዚያ ረሃብ ተቃጥሏል። ክር ይወጣል፤ የነደደ ብረት አይመለስም። አዲስ ቫልቭ ከደሴ መምጣት አለበት፣ የሞተሩ ራስ መውረድ አለበት። ለዚያ ጊዜ የለም። እንዲሁ ከሄደ ወደ ማዶ ሲወጣ፣ ሽቅቡ ላይ፣ ቫልቩ ተሰብሮ ሞተሩ ይቆማል። እዚያ ስልክ አይሠራም። ጥላ የለም።

ይመር ሞተሩ እንደ ማር ነው ይላል። ጆሮዬ አርጅቷል አለ። ለእኔ።

ግንቦት 7፣ ከሰዓት

የየሺ ሆድ ወርዷል ይላሉ ሴቶቹ። እናቷ ደወሉ። ቅቤው ተነጥሯል፣ የገንፎው እህል ተፈጭቷል፣ ምን ትጠብቃላችሁ አሉ። ይመር ነገ ማለዳ እንሄዳለን አለ። አይሆንም አልኩ። መካነ ሰላም ሐኪም ቤት አለ። እዚሁ ትውለድ።

የሺ ራሷ መጣች። እናት እያላት እናት እንደሌላት በባሏ አገር ወለደች ይሉኛል አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ እምቢታ ያምርብዎታል። ለእኔ ግን አንድ ቀን እሺ ቢሉኝ ምናለ።»

ልጅቱ አትጠላም። ስትወጣ እጇ ወገቧ ላይ ነበር።

የነሐሷን ብሎን ፈትቼ ኪሴ ከተትኳት። ያለ እሷ አይነሳም። ደመናው ዛሬ በዓባይ በኩል ጠቁሯል።

ግንቦት 8፣ ማለዳ 12 ሰ.

ሲነጋጋ ትዝ አለኝ። የሼህ ሰይድ ፒክአፕ። ያው ዓይነት ነው። ብሎኗም ያችው ናት። ተነስቼ ሄድኩ።

ዶሮዋ ከእንቁላሏ ተነስታ ውጭ ቆማለች። ኮፈኑ ገርበብ ብሏል። በአቧራው ላይ የጣት አሻራ። የብሎኗ ቦታ ባዶ ነው፤ ይመር ቀድሞኛል።

ስመለስ ሴቶቹ ፍራሽ ከኋላ እየጫኑ ነው። የሺ ከፊት ተቀምጣለች። ይመር ዓይኔን ሸሸኝ። ቁልፉን አምጣ አልኩት። አብሽር አለኝና አስነሳው። ሳይሞቅ አይነዳም፤ ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያለኝ ጊዜ ይህችው ናት፤ ገብቼ አልጋዬ ላይ እጽፋለሁ።

ትንፋሹ አልጋዬ ድረስ ይሰማል። እፍ። እፍ።

ማንንም ለምኜ አላውቅም፣ አንተ ደብተር ታውቃለህ። በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን የበደለ ሰው ነው። ልጅ ለአባቱ ይሸከማል። አባት ለልጁ ሲሸከም አላየሁም፤ ይመርም አላየም። ድንጋይ የተሸከመ ሰው አልፎ የሚሄድ ግን በዚህ አገር የለም። ልጄ ከሆነ እሱም አያልፈኝም።

ደጅ ያለው የወፍጮው መጅ ይበቃል። አንገቴ ይችለዋል። ከመኪናው ፊት፣ ከግቢው በር መሃል እቆማለሁ። የሺን እስኪያወርዳት፣ ወይም በላዬ እስኪነዳ ድረስ።